ለ7 ወር ልጅ ሃይቼር ልግዛ ወይስ አናጢ ጋር ላሰራ?

እህቴ እንደምን አለሽ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት፣ ባጭሩ ልመልሰው ብዬ ጀምሬ ነበር ግን ባጭሩ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ዛሬ ተረጋግቼ ቁጭ ብያለሁ። ሌላውም ሰው እንዲገባው ያልሽውን ልድገመው፦ ልጅሽ 7 ወር ከ2 ሳምንቷ ነው፣ ምግብ ከጀመረች ወር አልፏታል፣ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው የምትኖሩት፣ ፊትሽ ያለው ምርጫ ሶስት ነው። አንደኛው አንድ ሰው በ8 ሺህ ብር የሚሸጠው ያገለገለ ታጣፊ የፕላስቲክ ሃይቼር (ህፃን ተቀምጦ የሚመገብበት ረጅም ወንበር)፣ ጎማ ያለው፣ ወደኋላም የሚተኛ። ሁለተኛው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቆልፎ የሚንጠለጠለው። ሶስተኛው ሰፈር ካለ አናጢ ጋር በዋንዛ ማሰራት። ባለቤትሽ ረጅሙን ፕላስቲክ ወዶታል፣ አማትሽ ደግሞ "ወንበር ምን ያደርግላታል፣ እናንተን በጭናችን አይደል ያሳደግነው" ብለዋል። አንቺ የጠየቅሽው የትኛው ነው ሴፍ ብለሽ ነው።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ እዚሁ ጅማ ነው የምሰራው፣ አብዛኛው ቀኔ የሚያልፈው መቀመጥ የዘገየባቸው፣ አንገታቸው ያልጠና፣ ሲበሉ የሚያስቸግራቸው ልጆች ጋር ነው። ስለዚህ ወንበር ለኔ የቤት እቃ ብቻ አይደለም፣ ልጅ አቀማመጡ ሲበላሽ አዋዋጡም አብሮ ሲበላሽ በየቀኑ ስለማይ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ አናጢው ጋር ሂጂ፣ ግን ረጅም ወንበር እንዳታሰሪ። ዝቅ ያለ፣ እግሩ ሰፋ ብሎ የቆመ፣ የእግር መርገጫና ጥሩ ማሰሪያ ያለው ወንበር አሰሪላት። ሰው ሃይቼር ሲባል ቁመቱን ነው የሚያየው፣ ልጅን የሚጠብቃትና በደንብ እንድትበላ የሚያደርጋት ግን ቁመቱ አይደለም፣ ከስር እግሯን የያዘው መርገጫ፣ ወገቧን የያዘው ማሰሪያና የወንበሩ እግሮች ስፋት ነው።

ለምን መሰለሽ፣ እነዚህ ረጃጅም ወንበሮች የተሰሩት ሰው 75 ሳንቲም ገደማ ከፍታ ያለው የምግብ ጠረጴዛ ከቦ ለሚበላበት ቤት ነው፣ ልጁም እኩል እንዲሆን ከፍ አደረጉት። አሁን ያንቺን ቤት አስቢው፣ አብዛኞቻችን የምንበላው ሶፋ ላይ ሆነን ዝቅ ያለች ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ወይ ደግሞ መሶብ ዙሪያ በርጩማ ላይ። እናንተ ዝቅ ብላችሁ ልጅቷ ከላይ ስትሆን የምታየው ያንቺን ፊት ሳይሆን ያንቺን አናት ነው፣ የምትበሉትን ለማየት ወደፊትና ወደታች ትንጠራራለች፣ መንጠራራት ደግሞ ለመውደቅ ነው። ህፃን መብላት የሚማረው የእናቱን አፍ እያየ ነው፣ ስታኝኪ ያኝካል፣ አፍሽን ስትከፍቺ ይከፍታል፣ ለዛ ፊት ለፊትና እኩል መሆን አለባችሁ። ቢወድቅስ? ከ30 ሳንቲም መቀመጫ የወደቀ ልጅና ከ60 ሳንቲም መቀመጫ ሊሾ ላይ የወደቀ ልጅ አንድ አይደሉም፣ የህፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንፃር ከባድ ስለሆነ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ በጭንቅላቱ ነው የሚያርፈው።

የመውደቁን ነገር ዝም ብዬ ለማስፈራራት አይደለም የማነሳው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ ከ2003 እስከ 2010 ባለው ጊዜ በሃይቼር ምክንያት ድንገተኛ ክፍል የገቡ ህፃናት ተጠንተው ነበር፣ በአመት በአማካይ ከ9 ሺህ 400 በላይ ልጆች ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ 93 ከመቶው የወደቁ ናቸው። ያጠኑት ሰዎች ልጁ ከመውደቁ በፊት ምን እያደረገ እንደነበር በተመዘገበበት ቦታ ሲያዩ ከሶስቱ ሁለቱ ያህል ወንበሩ ላይ የቆሙ ወይ የሚንጠላጠሉ ነበሩ። ልጅ ደግሞ የሚቆመው ካልታሰረ ነው። ወንበሩ እንግዲህ በደንብ በሚመረመርበት ሀገር የተሸጠ ነው፣ ማሰሪያ አለው፣ ግን ማሰሪያው ወይ አልታሰረም ወይ ላልቷል።

እኛ ጋር ያለው ችግር ትንሽ ይለያል፣ እኛ እናስራለን ግን በነጠላ ነው የምናስረው። አንዴ አንድ ቤት ልጅ ለማየት ሄጄ (ለእግሩ ነበር የጠሩኝ) እናትየው ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጣ ነጠላ ሆዱ ላይ ጠምጥማ ከወንበሩ ጀርባ ቋጥራ ወጥ ልታወርድ ዞር አለች፣ እኔ እጄን እየታጠብኩ ነበር፣ ስመለስ ልጁ ቂጡ ወደፊት ተንሸራቶ ከመቀመጫው ጫፍ ሊወጣ ነው፣ ነጠላው ከሆዱ ወደ ብብቱ ወጥቷል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ተጣብቋል፣ አያለቅስም፣ ዝም ብሎ አይኑን ብቻ ያንቀሳቅሳል። አንስቼው ቋጠሮውን ለመፍታት ስሞክር በልጁ ክብደት ጠብቆ አልፈታ አለኝ፣ በመጨረሻ ከፍ አድርጌ በላይ ነው ያወጣሁት። ምንም አልሆነም ተመስገን። እናትየው ጥንቁቅ ሴት ናት፣ እንዳይወድቅ ብላ ነው ያሰረችው። ችግሩ ከእግሩ መሀል የሚይዘው ነገር አለመኖሩ ነው፣ ሆድ ላይ ብቻ የታሰረ ልጅ ወደታች ይሾልካል፣ ሰውነቱ ያልፍና አንገቱ ላይ ይያዛል።

ስለዚህ ማሰሪያ ስልሽ ቢያንስ ባለ ሶስት ነጥብ ነው፣ ከወገብ ግራና ቀኝ መጥቶ ከእግር መሀል ከሚወጣው ጋር የሚገናኝ። ትከሻ ላይም የሚሄድ ባለ አምስት ነጥብ ከሆነማ እሰየው፣ መቆም ለምትሞክር ልጅ እሱ ይሻላል። ከዛ በተጨማሪ ከመቀመጫው መሀል ወደ ትሬው (ፊቷ ላይ ያለው ምግብ የሚቀመጥበት ሳንቃ) የሚወጣ አንድ የእንጨት ምሶሶ ነገር ይኑረው፣ እግሮቿ በግራና በቀኙ ይወርዳሉ፣ ማሰር ቢረሳ እንኳን ወደታች እንዳትሾልክ እሱ ይይዛታል። ግን እሱ አለ ተብሎ ማሰሪያው አይቀርም፣ ትሬውም ማሰሪያ አይደለም፣ ብዙ ሰው ትሬውን ከዘጋ ልጁ የታሰረ ይመስለዋል።

አሁን ወደ እግር መርገጫው ልምጣ፣ ሰው የማያውቀው እሱን ነው። አንድ ነገር ሞክሪ፣ ከፍ ያለ አልጋ ወይ ጠረጴዛ ላይ ውጪና እግርሽ ተንጠልጥሎ ቂንጬ በማንኪያ ብዪ፣ ሁለት ሶስት ደቂቃ ብቻ። ወገብሽ ይደክማል፣ በአንድ እጅሽ ጠርዙን ትይዣለሽ፣ ጉርሻው ላይ ሀሳብሽ አይሆንም። ከዛ እግርሽ ስር ሳጥን አድርጊና ድገሚው። ልዩነቱ ወዲያው ነው። ህፃን ደግሞ ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ ገና አዲስ ስራው ነው፣ እግሩ ከተንጠለጠለ ጉልበቱ ሁሉ ላለመውደቅ ይሄዳል፣ ለማላመጥና ለመዋጥ፣ እጁን ወደ አፉ ለመውሰድ የሚተርፈው ትንሽ ነው። "ልጄ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ይነጫነጫል፣ አይበላም" ብለው ከሚመጡ እናቶች ውስጥ እግሩ ስር ካርቶን ወይ ዱካ በማድረግ ብቻ ለውጥ ያዩ አሉ። ልጄ ምግብ ይጠላል ያሉት ልጅ ደክሞት ነው እኮ። ዳሌው፣ ጉልበቱ፣ ቁርጭምጭሚቱ ሶስቱም ወደ 90 ዲግሪ ሲሆኑ፣ ጀርባው ቀጥ ሲል፣ ያ ነው ጥሩ አቀማመጥ።

በነገራችን ላይ ይሄንን ነገር በደንብ ያሰበበት አንድ ኖርዌያዊ ዲዛይነር አለ፣ ፒተር ኦፕስቪክ ይባላል፣ እ.ኤ.አ በ1972 ትሪፕ ትራፕ የሚባል የእንጨት ወንበር ነደፈ፣ ሁለት ጎን ሳንቃዎች ላይ ደረጃ በደረጃ ብዙ ስንጥቅ አለ፣ መቀመጫውና የእግር መርገጫው እንደ መደርደሪያ እዛ ስንጥቅ ውስጥ ይገባሉ፣ ልጅ ሲያድግ አውጥተሽ ዝቅ ታደርጊዋለሽ። ውድ እቃ ነው ግን ሀሳቡ ቀላል ነው፣ የጅማ አናጢ የማይሰራው ነገር የለውም። ጅማ እኮ ከአንድ ግንድ በርጩማ ፈልፍሎ የሚያወጣ እጅ ያለባት ከተማ ናት፣ ስንጥቅ ማውጣት ለነሱ ምንም አይደለም፣ አናጢው የሚፈልገው ትክክለኛውን ልክ የሚነግረው ሰው ብቻ ነው።

ልኩን ደግሞ ከልጅሽ ነው የምትወስጂው። ሜትር ከሌለሽ የሹራብ ክር ይበቃል። ጭንሽ ላይ ወደ ጎን አስቀምጫትና ጀርባዋን ቀጥ አድርጊ፣ ከቂጧ ጀርባ እስከ ጉልበቷ ማጠፊያ ለኪ፣ ከሱ ላይ ሁለት ጣት ቀንሺ፣ ያ የመቀመጫው ጥልቀት ነው። መቀመጫው ከዛ ከረዘመ ጉልበቷ አይታጠፍም፣ ወይ እግሯ ቀጥ ብሎ ይቀራል ወይ ወደፊት ተንሸራታ ትተኛለች። ቀጥሎ ከጉልበቷ ማጠፊያ እስከ ተረከዟ፣ ያ ከመቀመጫው እስከ መርገጫው ያለው ርቀት ነው። ከዛ እጇን ጎኗ ላይ አውርደሽ ከመቀመጫው እስከ ክርኗ፣ ትሬው እዛ ጋር ወይ ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ ይሁን፣ ትሬው ደረቷ ድረስ ከመጣ ትከሻዋን ሰቅላ ነው የምትበላው። በየክሩ ላይ ቋጠሮ አድርጊና የምን እንደሆነ ወረቀት አስረሽበት ውሰጂለት።

ግን በዛሬ ልኳ ብቻ ካሰራሽው ከስድስት ወር በኋላ ይጠባታል። ስለዚህ መቀመጫውን ጠለቅና ሰፋ አስደርጊው፣ ሁለት አመት ለሞላት ልጅ እንደሚሆን፣ አሁን ያለውን ትርፍ ቦታ ደግሞ ከጀርባዋ ጠንካራ ፎም በሚታጠብ ላስቲክ ወይ ሌዘር አልብሰሽ ሙዪው። ለስላሳ ትራስ አይሆንም፣ ትሰምጥበታለች። ለእግር መርገጫው በየሶስት ሳንቲሙ ስንጥቅ ያውጣልሽ፣ እሷ ስታድግ ዝቅ ታደርጊዋለሽ። የመቀመጫው ከፍታ የሚወሰነው እናንተ በምትበሉባት ጠረጴዛ ነው፣ ሶፋ ፊት ያለችው ጠረጴዛ 45 ሳንቲም አካባቢ ከሆነች የልጅቷ ትሬ ከሷ ጋር እኩል እንዲመጣ መቀመጫው ከመሬት 28 እስከ 30 ሳንቲም ቢሆን ይበቃል። የጀርባው መደገፊያ ትከሻዋን አልፎ ይውጣ፣ ቀጥ ያለ ይሁን፣ ለመመገቢያ ወደኋላ ያዘነበለ ጀርባ አያስፈልግም።

እግሮቹ ላይ አትደራደሪ። ከላይ ሆነሽ ቁልቁል ስታይው የአራቱም እግር ጫፍ ከመቀመጫውም ከትሬውም ውጪ መታየት አለበት፣ በፊትም በኋላም በጎንም። አናጢዎች ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ እግር ነው የሚሰሩት ምክንያቱም እንጨት ይቆጥባል፣ ቆሞ ሲታይም ያምራል፣ ግን ልጅ ወደጎን ተንጠራርታ የወደቀ ማንኪያ ስትፈልግ ወንበሩ አብሯት ይሄዳል። ሌላው ክፍተት ነው፣ ጣት ገብቶ የሚቀረቀርበት ቀዳዳ አይኑር፣ በሁለት እንጨት መሀል ያለ ቀዳዳ ወይ ከ5 ሚሊ ይነስ ወይ ከ12 ሚሊ ይብለጥ። ጎኑ በርብራብ ከተሰራ ደግሞ በርብራቦቹ መሀል ያለው ከ6 ሳንቲም እንዳይበልጥ፣ ከሰፋ እግርና ወገብ ያልፋል ጭንቅላት አያልፍም። በእጅሽ መዳፍ ሁሉንም ጠርዝ ዳስሺ፣ ጥግ ጥጉ ተሞርዶ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ ይሁን።

ዋንዛ ያልሽው ጥሩ ነው፣ ቀላል ነው፣ ለመስራት አያስቸግርም፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ቺፑድ እንዳይሰራልሽ፣ ውሀና ገንፎ ሲነካው ያብጣል ብሎኑም ይለቃል። ዋናው ግን እንጨቱ መድረቁ ነው። የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ፣ በሀምሌና ነሀሴ የተሰነጠቀ እርጥብ እንጨት በጋ ሲመጣ ይሸሻል፣ መገጣጠሚያው ይላላል፣ ጥቅምት ላይ ጠንካራ የነበረው ወንበር የካቲት ላይ ይወዛወዛል። ቤት ውስጥ ወራት የቆየ ደረቅ ሳንቃ እንዳለው ጠይቂው። መገጣጠሚያው እንጨት እንጨት ውስጥ ገብቶ በኮላ የተያዘና በብሎን የጠበቀ ይሁን፣ ሚስማር ብቻ አይሆንም፣ ልጅ በየቀኑ ስትወዛወዝበት ሚስማር ቀስ እያለ ይወጣል፣ የወጣ ሚስማር ደግሞ እጇ የመጀመሪያውን የሚያገኘው ነገር ነው።

ቀለም አታስቀቢ። ህፃን ትሬውን ይነክሳል፣ ይልሳል፣ ጥርስ የምታወጣ ልጅ ናት። ሀገራችን ቀለም ውስጥ የሚገባውን ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የሚገድብ ደንብ አላት፣ ግን አናጢ ቤት ጥግ ላይ ያለ መለያው የተላጠ ቆርቆሮ ውስጥ ምን እንዳለ አንቺም እሱም አታውቁም፣ ሊድ ደግሞ የህፃን አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ተመልሶ የሚስተካከል አይደለም። በደንብ ከተላገና ከለሰለሰ በኋላ ሰም ይበቃል፣ ማር ባለበት ሀገር ሰም አይጠፋም፣ አሙቀሽ በጨርቅ ማሸት ነው፣ በወር አንዴ ትደግሚዋለሽ። ቫርኒሽ ካልሆነ አይሆንም ካለሽ ተቀብቶ ቢያንስ አንድ ወር አየር ላይ ይቆይ፣ ሽታው ካለ ገና ነው።

ማሰሪያውን አናጢ አይሰራውም፣ ጫማ ሰፊ ነው የሚሰራው። የአሮጌ ትምህርት ቤት ቦርሳ ማንገቻና ጠቅ ብሎ የሚቆለፈውን የፕላስቲክ መቆለፊያ ይዘሽ ሂጂ፣ በወፍራም ክር ደጋግሞ ይስፋልሽ። ወንበሩ ላይ በሚስማር አይመታ፣ አናጢው መቀመጫውና ጀርባው ላይ ስንጥቅ ያውጣና በዛ ውስጥ አልፎ ከስር ተመልሶ ይታሰር። ስታስሪያት በማሰሪያውና በሆዷ መሀል ሁለት ጣት ጠፍጠፍ ብሎ የሚገባ ብቻ ይቅር። ለምን ቋጠሮ እንዳልሆነና ጠቅ የሚል እንዳልኩሽ ልንገርሽ፣ ምግብ ቢያንቃት በአንድ እጅ ከፍተሽ ማውጣት አለብሽ። ስታስል፣ ድምፅ ሲኖራት፣ ፊቷ ቀልቶ ሲያስታውካት እየታገለች ነው፣ አትንኪያት፣ ራሷ ታወጣዋለች። ድምፅ ሲጠፋ፣ ማሳል ሲያቅታት፣ ከንፈሯ ሲጠቁር ግን ወዲያው አውጥተሽ ክንድሽ ላይ በደረቷ አስተኚያት፣ ጭንቅላቷ ከሰውነቷ ዝቅ ይበል፣ በመዳፍሽ ትከሻዎቿ መሀል አምስቴ ምቺ፣ ካልወጣ ገልብጠሽ ደረቷ መሀል ላይ በአንድ እጅሽ የመዳፍ ግርጌ አምስቴ ግፊ፣ እስኪወጣ እየደጋገምሽ፣ ሌላ ሰው ደግሞ እየጮኸ መኪና ወይ ባጃጅ ይጥራ። አፏ ውስጥ ሳይታይሽ ጣት አትክተቺ፣ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ወደ ሌሎቹ ምርጫዎች ልመለስ። ታጣፊው ፕላስቲክ መጥፎ እቃ ነው አላልኩም፣ ባለቤትሽም የወደደው ያለምክንያት አይደለም፣ መታጠቡ ቀላል ነው። ግን ያገለገለ ስለሆነ ሄዳችሁ ስታዩት እነዚህን ተመልከቱ፦ ማሰሪያው ሙሉ ነው? አብዛኛው ያገለገለ ላይ የመሀለኛው ጠፍቷል፣ ከሌለ ተዉት። ዘርግታችሁ ከላይ ስትጫኑት የማጠፊያው ሎክ ይለቃል? የእግሩ ቱቦና መገጣጠሚያው ላይ የነጣ መስመር ካለ ስንጥቅ ነው። ጎማው ይቆለፋል? ስሩ ላይ የአውሮፓው ኢኤን 14988 ወይም የአሜሪካው ኤኤስቲኤም ኤፍ404 የሚል የደህንነት ደረጃ ቁጥር ካለበት ጥሩ ምልክት ነው፣ የሚሸከመው ክብደትም ተፅፏል፣ ብዙዎቹ ላይ 15 ኪሎ ነው። ወደኋላ የሚተኛው ነገር እንደ ጥቅም አይታያችሁ። ተኝቶ ምግብ የሚበላ ልጅ ምግቡ ሳያኝከው ወደ ጉሮሮው ይንሸራተታል፣ ወደ ሳንባ መግባትም አለ፣ በእጅ እየጋቱ አጥሚት ማጠጣትን የምንቃወመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወንበሩ ላይ የሚተኛ ጀርባ ካለ ሁልጊዜ ቀጥ ባለው ላይ ቆልፉት።

የሚንጠለጠለውን ተዪው። ከባድና ጠንካራ የእንጨት ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ መስታወት ያለው፣ አንድ እግር ያለው፣ ጨርቅ የለበሰ፣ ቀላል ጠረጴዛ ላይ አይሆንም፣ አንቺ ደግሞ የሶፋ ጠረጴዛ ነው ያለኝ ብለሻል።

አማትሽ ግን ትክክል ናቸው፣ ይሄን ንገሪልኝ። ጭን ጥሩ ወንበር ነው፣ ሙቀት አለው፣ ልጅ አይፈራም። ጀርባዋ ሆድሽ ላይ ተደግፎ፣ ፊቷ ወደ ምግቡ ሆኖ፣ እግሯ ጭንሽ ላይ ወይ በርጩማ ላይ አርፎ ከሆነ ወንበሩ እስኪሰራ ድረስ ምንም አይጎድልባትም። ችግሩ ክንድሽ ላይ ጋደም አድርገሽ ስታበያት ብቻ ነው፣ እና ደግሞ እያደገች ስትሄድ ሁለት እጅሽ ስለሚያዝ ሌላ ስራ አይሰራም። አያትየው ጭን ላይ አንድ ጊዜ፣ ወንበሩ ላይ አንድ ጊዜ ቢሆን ምን ችግር አለው።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር፣ ዎከር (ባለ ጎማው የህፃን መራመጃ) ላይ አስቀምጣችሁ እንዳታበሏት። ብዙ ቤት አያለሁ፣ ዎከሩ ትሬ ስላለው እንደ ሃይቼር ይጠቀሙበታል። መቀመጫው ጨርቅ ነው፣ ትንጠለጠልበታለች፣ በጣት ጫፏ ነው መሬት የምትነካው፣ አፏ ውስጥ ምግብ ይዛ ትሮጣለች፣ ደረጃና ከሰል ምድጃ ጋ በሰከንድ ትደርሳለች። ካናዳ እ.ኤ.አ በ2004 ዎከርን መሸጥ ጭራሽ ከልክላለች። መራመድም አያስተምርም።

ልጅሽ ዝግጁ ናት ወይ የሚለው፣ ምንጣፍ ላይ አስቀምጫት እዪ። የአለም ጤና ድርጅት ባጠናው መሰረት ህፃናት ያለድጋፍ መቀመጥ የሚጀምሩት በአማካይ 6 ወር ላይ ነው፣ ግን ከ4 ወር ገደማ እስከ 9 ወር ድረስ ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው። ጭንቅላቷን ቀጥ አድርጋ ከያዘች፣ ትንሽ ስትደገፍ ከተቀመጠች፣ ምግብ ስታይ እጇን ከዘረጋች ለወንበሩ ደርሳለች። ወደ ጎን ጋደል ካለች ፎጣ ጠቅልለሽ በዳሌዋ ግራና ቀኝ አድርጊላት፣ ብብቷ ስር ሳይሆን ዳሌዋ ጋ። ከ20 ደቂቃ በላይም አታቆያት፣ ወንበሩ ለምግብ ነው፣ መዋያ አይደለም። በ9 ወሯም ካልተቀመጠች ወይ አንድ ጎኗ ብቻ የሚደክም ከሆነ ግን ወንበር መቀየር መፍትሄ ስላልሆነ ይዘሻት ጤና ተቋም ሂጂ።

የት ታስቀምጪዋለሽ የሚለው የወንበሩን ያህል ነው። እግሯ ጠረጴዛ ወይ ግድግዳ የሚደርስበት ቦታ ከሆነ ገፍታ ወደኋላ ትገለበጣለች፣ የቤቱን ሰው ሁሉ የሚያስደነግጠው አወዳደቅ እሱ ነው። ከዛ ደግሞ ጅማ ነን፣ ቡና በቀን ሁለት ሶስቴ ይፈላል። ረከቦቱ፣ ጀበናው፣ የከሰሉ ምድጃ ያለበት ጥግ ከወንበሩ ቢያንስ ሁለት ትልልቅ እርምጃ ይራቅ፣ ስኒ የያዘ እንግዳም በልጅቷ አናት ላይ አሳልፎ አይቀበል። የህፃን ቆዳ ስስ ነው፣ ላንቺ የሚጠጣ ቡና እሷን ያቃጥላታል። እንዳይሆን እንጂ ከሆነ በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሀ 20 ደቂቃ፣ ቅቤም ጥርስ ሳሙናም አይነካው። ቄጠማ የተጎዘጎዘ ቀን ደግሞ ወንበሩ ስር ያለውን ጥረጊው፣ ሊሾ ላይ እርጥብ ቄጠማ ሲኖር የወንበሩ እግር እንደ በረዶ ይንሸራተታል። ከእግሮቹ ስር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ማስለጠፍም ጥሩ ነው፣ ጫማ ሰፊው ጋ ይገኛል።

ወንበሩን ከመረከብሽ በፊት እዛው አናጢ ቤት ፈትኚው። 10 ኪሎ ጤፍ ወይ ስኳር በከረጢት ይዘሽ ሂጂ፣ መቀመጫው ላይ አስቀምጪና ከጀርባው በላይኛው ጫፍ ወደፊት ግፊው፣ ከፊት ወደኋላ፣ ከጎንም። ከዛ ከረጢቱን ከመቀመጫው አንስተሽ አንዱ የክንድ ማሳረፊያ ላይ አንጠልጥዪው። አንዱ እግር ከመሬት ከተነሳ እግሮቹን ያስፋቸው። አናጢው ሊገርመው ይችላል፣ ግን ለምን እንደሆነ ንገሪው፣ አብዛኞቹ ልጅ አላቸው፣ ሲገባቸው ካንቺ በላይ ይጨነቁበታል። ሌላው፣ ኮላ ከመቀባቱ በፊት አንድ ጊዜ ልጅቷን ይዘሻት ሂጂና እንጨቱ በደረቁ ተገጣጥሞ እያለ አስቀምጫት፣ እግሯ መርገጫው ላይ ሙሉ በሙሉ፣ ተረከዟም ጭምር፣ ካረፈ ይጣበቅ። በጣቷ ጫፍ ብቻ ከነካች አንድ ስንጥቅ ከፍ ያድርገው።